መንፊያ አለህ?

በሉ ፋኖሱን ወደ ጓዳ አስገቡልኝ። መብራቱ እንደሆነ ከሄደ ቆይቷል፤ ዛሬ የሚመለስም አይመስለኝ። አንተ ያፌት፣ የስልክህን ብርሃን ከዓይኔ ላይ አንሳው። ካርታ ነው የማየው አትበለኝ። ካርታው ነገም እዚያው ነው፣ የትም አይሄድ።

ማታ እራት ላይ ያልከውን ሰምቼሃለሁ። «እኔ ጎህ ሳይቀድ ብቻዬን ቀድሜ ገደሉን በሳይክሌ እወርዳለሁ፣ እናንተ ድረሱብኝ» ስትል። ጆሮዬ ገና አላረጀም፣ ልጄ። ለዚህ ነው ቁጭ በሉ ያልኳችሁ። ጠጋ በሉ፣ ይበርዳል።

ተረት ተረት ብዬ አልጀምርም። ተረት የላም በረት አለው፣ ማደሪያ አለው። ይሄ ማደሪያ የለውም፤ መንገድ ላይ ነው ያለው።

ሰዓቱ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። ወሩ ሰኔ። ጨረቃ የለችም። መንገዱስ? ነገ የምትወርዱት መንገድ አይደለም ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። ግን እሱው ነው። ያኔ አስፋልት የለውም፣ ጠጠር ነው። በአንድ በኩል ገደል፣ በአንድ በኩል ቀጥ ያለ ድንጋይ። ከዚህ ከአፋፉ ጀምሮ እስከ ወንዙ ድረስ አንድም ቤት የለም። የውሻ ጩኸት እንኳ አይሰማም። ውሻ የሚጮኸው ሰው ባለበት ነው።

በዚያ መንገድ አንድ ሰው ሳይክሉን እየገፋ ይወርዳል። ብቻውን። ቁልቁለት ላይ ሳይክል ይገፋል ወይ? አይገፋም። ታዲያ ለምን ገፋ? ቆዩ፣ እነግራችኋለሁ።

ልየው ይባላል። ያገሩን ስም አልነግራችሁም፣ ዘመዶቹ አሉ። እዚህ ደጋው ላይ ካለች መንደር ነው፣ አስተማሪ ነበር። ጂኦግራፊ ነው የሚያስተምረው። ጓደኛም ነበረው፣ አስረስ የሚባል ልብስ ሰፊ። ሁለት ሳይክል ነበራቸው፣ አሮጌ፣ ግን እንደ በቅሎ የሚታመን። በያመቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ክረምቱ ሳይከፋ፣ ዕቃቸውን ጭነው አገር ያያሉ። አንድ ዓመት በዚህ፣ አንድ ዓመት በዚያ። ሰው «እብዶች» ይላቸዋል። «መኪና ጠፍቶ ነው?» ይሏቸዋል። እነሱ ይስቃሉ።

ዕቅዱ የልየው ነው። እንዴት እንደሚያቅድ ልንገራችሁ? በክር ነው። ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፣ ከአስረስ ቤት ጥቁር ክር ያመጣል። ክሩን በመንገዱ ላይ ያስኬደዋል፣ መንገዱ ሲታጠፍ እያጠፈ፣ ሲዞር እያዞረ። ከዚያ ክሩን ቀጥ አድርጎ ይለካዋል። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ያውቃል። ውሃ ያለበት ቦታ ላይ አንድ ቋጠሮ ይቋጥራል። ጥላ ያለበት ላይ አንድ ቋጠሮ። ማደሪያ ላይ አንድ ቋጠሮ። ሕጋቸው ይሄ ነው፦ ከፊት ያለው ሰው ቋጠሮው ጋ ሲደርስ ቆሞ ይጠብቃል። ማንም ቋጠሮ አያልፍም።

የዕቃው አስተሳሰር ደግሞ የአስረስ ነው። ከጭነት መኪና ሸራ ቦርሳ ሰፍቶ ነበር፣ ከኋላ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠል። በመውጫቸው ዋዜማ ሰሌን ያነጥፋል፣ ዕቃውን ሁሉ ይደረድርበታል፣ ከዚያ ለሁለት ይከፍለዋል። እንዴት ነው የሚከፍለው?

«መንፊያው አንተ ጋ» ይላል፤ «ማስቲሹና ልጣፊ ጎማው እኔ ጋ። ድስቱ አንተ ጋ፣ ክብሪቱ እኔ ጋ። ካርታው አንተ ጋ፣ ባትሪው እኔ ጋ።»

«አንዳችን ብንዘገይስ?» ይለዋል ልየው። አስተማሪ አይደል፣ መጠየቅ ልማዱ ነው።

«ታዲያ መጠበቅ ነዋ! ደግሞ ተለያይተን የት ልንደርስ ነው?»

ይገባችኋል? ማስቲሽ ያለ መንፊያ ምን ያደርጋል? መንፊያስ ያለ ማስቲሽ? ሆን ብሎ ነው እንዲህ የሚያስረው። አንዱ ያለ ሌላው አንድ እርምጃ እንዳይሄድ። አንድ ነገር ቢያጋጥም ደግሞ ከኋላ ያለው ሦስት ጊዜ ይደውላል። ሦስት ደወል ማለት «ቁም» ማለት ነው። ይቺን ያዙልኝ።

አንድ ሰኔ ላይ ወደ አስረስ እናት አገር ሊሄዱ ተነሡ። እማማ ዘርፌ ይባላሉ፣ ከገደሉ ማዶ ነው ያሉት። አስረስ ቀሚስ ሰፍቶላቸው ነበር፣ አረንጓዴ ጥለት ያለው። በሸራው ቦርሳ ውስጥ ከማስቲሹ ጋር ከተተው። ልየው ክሩን ቋጠረ። አንዱን ቋጠሮ እዚህ አፋፉ ላይ አደረገው። ቀጣዩን ከታች ደረቁ ወንዝ መሃል ያለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ። ድንጋይዋን ነገ ታዩዋታላችሁ፣ አራት ሰው ታስቀምጣለች። ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ሻይ አፍልተውባት ያውቃሉ።

አፋፉ ላይ ተገናኙ። ውሃ ጠጡ። ልየው ከፊት ሆኖ ወረደ።

ቁልቁለት ታውቃላችሁ። ነፋሱ ሸሚዝህን ይነፋዋል፣ እግርህ ያርፋል፣ ደረትህ ይከፈታል። ልየው እንደዚያ እየወረደ ሳለ ከላይ ከኋላው ደወል ሰማ። ቅጭል። ቅጭል። ቅጭል።

ሰማ ወይስ አልሰማም? ሰምቷል። ሦስት መሆኑንም ቆጥሯል።

«ይደርስብኛል» አለ በልቡ። ፍሬኑን አልነካም። ወረደ። ወንዙ ጋ ደረሰ። ድንጋይዋን አያት፣ ቋጠሮዋ ናት። ትንሽ ፍጥነት ነበረውና ማዶ ያለውን አቀበት ቢወጣበት ደስ ይለዋል። ስለዚህ አለፋት። አቀበቱ ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፣ ገብቶ ተቀመጠ። «ሲመጣ አሾፍበታለሁ፣ ልብስ ሰፊ ቁልቁለት ይፈራል እለዋለሁ» እያለ ሻዩን ጠጣ። አንድ ሰዓት ጠበቀ። ሁለት ሰዓት ጠበቀ። ቆላው ደረቅ ነው፣ አንድ ጠብታ የለም። ደጋው ግን ጠቁሮ ነበር። ሲመሽ ከሩቅ አንድ ድምፅ መጣ። የሻይ ቤቷ ባለቤት ጆሮዋን አቁማ «ደራሽ ነው» አለች። ክረምቱ የላከው የመጀመሪያው ደራሽ ውሃ።

በነጋታው ሳይክሉን ድንጋይ መሃል ተሰክቶ አገኙት። አስረስን ከዚያ ዝቅ ብሎ አገኙት። ሰው ሁሉ ሬሳውን ሲያይ ልየው ጎማውን ነበር የሚያየው። የኋላው ጎማ ተለጥፏል። አስረስ ልጣፊ ሲቆርጥ ክብ አድርጎ ነው የሚቆርጠው፣ እንደ ኮት ቁልፍ፣ የልብስ ሰፊ እጅ ነው። ክብ ሆኖ፣ ተስተካክሎ ተለጥፏል። ነፋስ ግን የለውም። መንፊያው ልየው ጋ ነበራ።

እማማ ዘርፌ ደረታቸውን እየመቱ መጡ። ልየውን ትከሻውን ያዙት።

«ልጄ፣ አልጠራህም? ድምፅ አላሰማም?»

«አልሰማሁም፣ እማማ» አለ።

በቃ። አንዲት ቃል ናት። ከአፉ ወጣች፣ አብራውም አንድ ነገር ወጣ። ምን እንደሆነ አላወቀም። በለቅሶው ላይ አላለቀሰም። አልቃሿ «ጓዱ የት አለ» እያለች ሙሾ ስታወርድ ዝም ብሎ ቆመ። ሰው አማው። «ድንጋይ ነው» አሉት። ኧረ ድንጋይስ ፀሐይ ሲያገኘው ይሞቃል! ልየው ዓመቱን ሙሉ አልሞቀም። ይበላል፣ ምን እንደበላ አያውቅም። ዝናብ ይመታዋል፣ አይጠለልም። አንድ ቀን ተማሪዎቹ «መምህር፣ ይሄን ትናንትም አስተምረውናል» አሉት። «እሺ» አለና ያንኑ ቀጠለ። ይተኛል፣ ይነሣል። ሐዘን እንኳ አልነበረም። ሐዘን ቢሆን ደግ ነበር።

ዓመት ሞላ። እማማ ዘርፌ በጭነት መኪና ሹፌር ላኩበት። «የልጄ ሙት ዓመት ነው። ልየው ካልመጣ ድንኳኑ አይተከልም በሉልኝ» አሉ። ሹፌሩም «ና፣ ጋቢና ቦታ አለኝ» አለው። ልየው «በሳይክል እሄዳለሁ» አለ። ለምን? እሱም አያውቅም።

ዋዜማውን ሰሌን አነጠፈ፣ ዕቃውን ጫነ። እጁ እንደለመደው ጫነ። እሱ ቁጭ ብሎ እጁን ያያል፣ እጁ ይጭናል። ካርታውን፣ ድስቱን፣ መንፊያውን፤ ክሩን ግን በኪሱ። ቦርሳውን ቆልፎ ተኛ። ጠዋትም ሰሌኑን እያየ ብዙ ተቀመጠ፣ ስለዚህ አርፍዶ ወጣ። አፋፉ ጋ ሲደርስ ፀሐይ ገብታለች።

ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ የኋላ ጎማው «ፍስስስ» አለ።

ወረደ። ቦርሳውን ፈታ። መንፊያው አለ። ማስቲሽስ? ልጣፊስ? እጁን እስከ ቦርሳው ወለል ሰደደ። የለም። ክብሪትስ? የለም። ባትሪስ? የለም። አያችሁ ምን እንዳደረገ? የራሱን ግማሽ ነው የጫነው! ስንት ዓመት እንደጫነው አድርጎ። የቀረው ግማሽ የት ነው? ያው የሚጭነው ሰው ጋ ነው።

ፈራ? አልፈራም። ለመፍራትም ልብ ያስፈልጋል። «እሺ» አለ፣ ሳይክሉን ይዞ መግፋት ጀመረ። ለዚህ ነው ቁልቁለት ላይ የገፋው።

ጨለመ። መንገዱ አይታይም። የድሮ ሳይክል መብራቱ ዲናሞ ነው፤ ታውቁታላችሁ ወይስ አታውቁትም? ጎማው ሲዞር ይበራል፣ ሲቆም ይጠፋል። ሳይክል ቆሞ መብራቱ አይበራም፣ በፍጹም። ልየው ሲገፋ መብራቱ ጭል ጭል ይላል። ሲቆም ድርግም። ሲገፋ ጭል ጭል። ሲቆም ድርግም።

አንድ ጊዜ ላቡን ሊጠርግ ቆመ። ድርግም አለ። በጨለማው ውስጥ ከላይ፣ በጣም ከላይ፣ ቅጭል። ቅጭል። ቅጭል።

ምን አደረገ? «ነፋስ ነው» አለና ገፋ።

ምነው ሳቅሽ? ጅብ ነው ልትዪኝ ነው? ጅብ ደወል የለውም፣ እናቴ።

ትንሽ ሄደና የት እንደደረሰ ማወቅ ፈለገ። ጨለማ ነው፣ ካርታ አይታይም። ክሩን ከኪሱ አወጣ፣ በጣቱ ዳበሰው። አንደኛውን ቋጠሮ አገኘ፣ አፋፉ ነው። ወደ ቀጣዩ ቋጠሮ ሄደ። ክሩ እርጥብ ነበር። ኪሱ ደረቅ ነው፣ ሸሚዙ ደረቅ ነው። ከቋጠሮው በላይ ያለው ክር ደረቅ ነው፣ ከቋጠሮው በታች ያለው ውሃ ያንጠባጥባል።

ፈራ? አልፈራም። ክሩን ጨምቆ ኪሱ ከተተው።

ቀና ሲል ከላይ ጠመዝማዛው ላይ መብራት አየ። ትንሽ፣ ቢጫ። ጭል ጭል ትላለች፣ ሳይክል ናት። «እንግዲህ ሰው መጣ» አለ። እሱ ሲገፋ ትወርዳለች። እሱ ሲቆም ትቆማለች። አንድ ጠመዝማዛ ብቻ ቀራት። ልየው ቆመ፣ የእሱ መብራት ድርግም አለ። ያቺም ቆመች።

ቆመች፣ ግን በራች።

ሰምታችኋል? ቆማ በራች። ልየው አያት። ሳይክል ቆሞ መብራቱ እንደማይበራ ከእሱ የተሻለ ማን ያውቃል? ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷት ወረደ። ከኋላው የጎማ ድምፅ ይሰማዋል። ጠጠር ላይ የሚሄድ ጎማ እንዴት ይጮኻል? ኩርሽ ኩርሽ ይላል። ይሄ ግን ጭቃ ላይ እንደሚሄድ ጎማ ነበር፣ ጭብጥ ጭብጥ የሚል። መንገዱ ደግሞ ደረቅ ነው።

ወንዙ ጋ ደረሰ። አሸዋው ጎማውን ያዘበት። እየጎተተ መሃል ገባ፣ ድንጋይዋ ጋ ደረሰ። ቋጠሮዋ ጋ። እዚያ ላይ ጉልበቱ አለቀና ቆመ። ከኋላው ያለውም ቆመ። ብርሃኑ አሸዋው ላይ ወደቀ፣ የልየው ጥላ ወደ ፊት ተዘረጋ። አንድ ጥላ ብቻ።

«ወንድሜ» አለ ድምፁ። የደከመ ሰው ድምፅ ነው፣ ትሑት፣ የማያውቁትን ሰው መንገድ ላይ እንደመጠየቅ። «ማስቲሹ እኔ ዘንድ አለ። መንፊያ አለህ?»

ልየው አልዞረም። እጁን ወደ ቦርሳው ሰደደ፣ መንፊያውን አወጣ፣ ወደ ኋላ ዘረጋ። ቀዝቃዛ ነገር ጣቱን ነክቶ ተቀበለው።

አንድ ሰው ከኋላ ጎማው አጠገብ ሲንበረከክ ተሰማው። ጎማው ሲፈታ ሰማ። ማስቲሹ ሸተተው። መቀስ ቀርጨጭ ሲል ሰማ፣ ዞሮ ዞሮ ሲቆርጥ። ከዚያ መንፋት ጀመረ። ፍስ። ፍስ። ፍስ። ያ ጎማ በአርባ ነው የሚሞላው፣ ልየው ያውቃል። ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ። «ፍስስስ» ብሎ ሁሉም ወጣ።

«አልያዘም» አለ ድምፁ። «ደወሌን ሰምተህ ነበር?»

«አልሰማሁም» አለ ልየው።

«እሺ።»

እንደገና ጀመረ። ፍስ። ፍስ። ፍስ። አርባ ሲሞላ እንደገና ወጣ። በዚያው ቅጽበት ከወንዙ ራስ፣ ከሩቅ፣ ከባድ መኪና አቀበት እንደሚጎትት ያለ ድምፅ መጣ። ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ልየውም አወቀ።

«አልያዘም። ደወሌን ሰምተህ ነበር?»

«አልሰማሁም።»

«እሺ።»

ሦስተኛ ጊዜ ጀመረ። የውሃው ድምፅ እየቀረበ ነው። ልየው ምን አሰበ? «እዚሁ ብቆም ምን አለበት?» ብሎ አሰበ። እውነቴን ነው፣ ሌላ ምንም አላሰበም። እንቅልፍ እንደመጣበት ሰው ነው። እግሩ አለ፣ ማዶው ሃምሳ እርምጃ ነው፣ መሮጥ ይችላል። ግን የሚሮጥለት ነገር አላገኘም። ፍስ። ፍስ። ሠላሳ። አርባ። ወጣ።

«አልያዘም» አለ። ድምፁ ሳይቆጣ ነው። ከዚያ እንዲህ አለ። «እኔማ እየገፋሁ መጣሁ። ቋጠሮው ጋ አይጠፋም ብዬ። ሳጣህ ውሃ ፍለጋ ሄዶ ይሆናል አልኩ። ለጥፌ ጨረስኩና እዚህች ላይ ተቀመጥኩ። ሲመሽ 'ልሻገር ይሆን?' አልኩ። 'ኧረ ተው፣ ቢመጣና ቢያጣኝስ' አልኩ። የደራሹንም ድምፅ ሰምቼ ነበር። ቢሆንም ጠበቅኩህ።»

ልየው አፉን ከፈተ። አንድ ዓመት ሙሉ ደርቆ የነበረ ነገር ደረቱ ውስጥ ተሰነጠቀ።

«ሰምቻለሁ!» ብሎ ጮኸ። «ሰምቻለሁ፣ አስረስ! ሦስት ጊዜ ነው የደወልከው፣ ቆጥሬያለሁ! ቁልቁለቱ ጣፍጦኝ ነው! ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ጣፍጦኝ ነው የሄድኩት! ቋጠሮውንም አልፌያለሁ! ለእናትህ ዋሽቻለሁ!»

አለቀሰ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው፣ ንፍጡ ከእንባው ጋር እየወረደ። እያለቀሰ ሳለ ፈራ። አዎ፣ ያኔ ነው የፈራው። ልብ ተመለሰለታ!

ከኋላው እንደገና ፍስ ፍስ ሲል ነበር፣ አሁን ቆሟል። አንድ ጣት ጎማውን መታ መታ አደረገችው። ጠንክሯል።

«ያዘ» አለ አስረስ። «ውጣ፣ ሂድ! አትቁም!»

አንድ እጅ ኮርቻውን ከኋላ ገፋ፣ ሳይክል የሚለማመድን ልጅ እንደሚገፉት። ልየው ፔዳሉን ረገጠ። አሸዋውን እንዴት እንዳለፈው አያውቅም። ማዶ ሲወጣ ውሃው ከኋላው አለፈ፣ ነፋሱ ጀርባውን አቀዘቀዘው። ያኔ ዞረ። ድንጋይዋ የለችም፣ ውሃ ውጧታል። መብራቷ ግን ከውሃው በታች በርታ ቆማ ነበር። ቢጫ፣ ትንሽ፣ የማትንቀሳቀስ። ከዚያ ቀስ ብላ ከውሃው ጋር ሄደች።

ሲነጋ እማማ ዘርፌ ደጅ ደረሰ። ድንኳኑ አልተተከለም፣ ሰው ግን ተሰብስቧል። እማማ ያን ቀሚስ ለብሰዋል፣ አረንጓዴ ጥለት ያለውን፣ ከውሃው ከተገኘው ቦርሳ የወጣውን። የወንዙ ጭቃ ቀለሙ ሳይለቅ ቀርቶበታል። ልየው እግራቸው ላይ ወደቀና በሕዝብ ፊት ተናገረ። ደወሉን፣ ቋጠሮውን፣ ሻዩን፣ ውሸቱን። አንዱንም አላስቀረም። ሰው ተነሣ። የአስረስ አጎት ዱላውን ጨበጠ። እማማ ዘርፌ በእጃቸው ከለከሉት።

ከዚያ ምን አሉ መሰላችሁ?

«ልጄ፣ ዓመቱን ሙሉ ሌሊት ሌሊት በደጄ ደወል ይደወላል። ሦስት ጊዜ። የአስረስ ደወል መሆኑን ደህና አድርጌ አውቀዋለሁ። ፈርቼ አልከፈትኩለትም። ጠዋት ጎረቤት 'ምን ነበር?' ሲለኝ 'እኔ አልሰማሁም' ነው የምለው።»

ከዚያ ተቃቅፈው አለቀሱ። አጎትየውም ዱላውን ጥሎ ተቀመጠ። ድንኳኑ ያን ጊዜ ነው የተተከለ። የልየውን የኋላ ጎማ ፈትተው ሲያዩት አዲስ ልጣፊ አለበት። ክብ፣ እንደ ኮት ቁልፍ። ማስቲሹ ገና አልደረቀም ነበር።

መንፊያውስ? መንፊያው አስረስ ዘንድ ቀረ። እስከ ዛሬ አልተገኘም።

አስረስ አርፏል ይላሉ። ይረፍ፣ ነፍሱን ይማር። እኔ ግን ይሄን ቤት አፋፉ ላይ ከያዝኩ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ የማውቀውን አውቃለሁ። ብቻውን ለሚወርድ ሰው ከኋላው ይደወላል። ክፉ አይደለም፣ እንዳትፈሩት። አሁን መንፊያውም ማስቲሹም ከእሱ ጋር ነው፤ ሊረዳ ነው የሚመጣ። ለሚቆም ሰው ምንም አይል። የማይቆመውን ግን እስከ ወንዙ ይከተለዋል፣ እዚያም አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል። ሁለት ልጆች መልሱን ሳያገኙት ቀርተዋል። ስማቸውን አልነግራችሁም፣ ዘመዶቻቸው አሉ።

እንግዲህ አፌን በዳቦ አብሱልኝ አልልም። ተኙ፣ ነገ አብራችሁ ውረዱ፣ ቋጠሮ...

ዝም በሉ።

ዝም በሉ አልኩ! ሳይክሎቻችሁ የት ናቸው? ጓሮ? በሩ ተቆልፏል? ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ይኸው በጄ አለ። ሁላችሁም እዚህ ናችሁ? ቁጠሩ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። የተነሣ የለም።

አንድ።

ሁለት።

ሦስት።

ያፌት፣ ወዴት ነው የምታየው? እኔን እየኝ። ሰምተሃል። ከእንግዲህ አልሰማሁም ማለት የለም።